ዲስቻርጅ የሌለበት ብርሃን፦ ከኤሌክትሪክ ዛፍ በፊት በመርፌ ጫፍ ላይ የሚሆነው

የፖሊኢትሊን ብሎክ ውስጥ መርፌ ተቀብሯል። መርፌው 50 ኸርዝ ከፍተኛ ቮልቴጅ ተሰጥቶታል፤ ከብሎኩ ሥር ያለው ጠፍጣፋ ኤሌክትሮድ ከመሬት ጋር ተገናኝቷል። የፓርሻል ዲስቻርጅ መለኪያው (በኢንሱሌሽን ውስጥ የሚነሱ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ፍንዳታዎችን የሚሰማው መሣሪያ) ዝም ብሏል፤ ስክሪኑ ላይ ከወትሮው ጫጫታ በቀር የሚታይ ነገር የለም። በዚያው ሰዓት ግን በጨለማ ሣጥን ውስጥ ከብሎኩ ፊት ለፊት የተቀመጠው ፎቶመልቲፕላየር፣ ማለትም እጅግ ደካማ ብርሃን የሚይዝ መለኪያ፣ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) እየቆጠረ ነው። ቮልቴጁ ሲጨምር ቆጠራው ይጨምራል፣ ሲቀንስም ይቀንሳል። ጊዜ ካለፈ በኋላ ከመርፌው ጫፍ የኤሌክትሪክ ዛፍ፣ ማለትም ኢንሱሌሽኑን እየበሳ እንደ ቅርንጫፍ የሚዘረጋ ቀጭን ቦይ፣ ይበቅላል። የዲስቻርጅ መለኪያው የሚነቃው ያኔ ነው።

ይህን ሁኔታ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኦታዋ የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ውስጥ ባምጂ፣ ቡሊንስኪና ዴንስሊ በኬብል ፖሊኢትሊን ላይ በተከታታይ አጥንተውታል። በጃፓን ሺሚዙ፣ በፈረንሳይ ቱሉዝ ደግሞ የሎራንና የቴሴድር ቡድን ከየራሳቸው አቅጣጫ ሠርተውበታል። ከዚህ በታች የሚተነተነው ይኸው ሁኔታ ነው። ለስሌቱ የተወሰዱት መጠኖች በዘርፉ የተለመዱ የናሙና መጠኖች ናቸው።

ጥያቄው አንድ ነው፦ ብርሃኑ የማን ነው? ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በመርፌው ጫፍ ላይ የቀረች ትንሽ የአየር ኪስ ናት፤ በውስጧ ጋዙ እየፈነዳ ያበራል። ሁለተኛው ራሱ ፖሊመሩ ነው፤ ከመርፌው የገቡ የኤሌክትሪክ ሙሎች (ቻርጆች) በውስጡ ተገናኝተው ብርሃን ይሰጣሉ፤ ይህ ኤሌክትሮሉሚኒሰንስ ይባላል። ልዩነቱ የስም ብቻ እንዳይመስል። የአየር ኪስ ከሆነ ጥፋቱ የናሙና አሠራር ነው፤ ጥሩ ናሙና ቢሠራ ችግሩ ይጠፋል። ፖሊመሩ ከሆነ ግን ቀዳዳ የሌለው ንጹሕ ኢንሱሌሽንም እያረጀ ነው ማለት ነው፤ «ዲስቻርጅ አልተገኘበትም» የሚለው የሙከራ ወረቀትም የምንገምተውን ያህል አይናገርም።

ናሙናው

አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ስለሆነ ናሙናው ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል።

መርፌው 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብረት መርፌ ነው፤ የጫፉ ሬዲየስ 5 ማይክሮሜትር፣ ከጫፉ እስከ ጠፍጣፋው ኤሌክትሮድ ያለው ርቀት 2 ሚሊሜትር። የተሳሰረ ፖሊኢትሊን፣ ማለትም ኤክስኤልፒኢ፣ ሲሠራ ማሳሰሪያው ብዙውን ጊዜ ዳይኩሚል ፐርኦክሳይድ ነው፤ መጠኑም ከክብደቱ 2 በመቶ አካባቢ። ፖሊኢትሊኑ መጀመሪያ ፐርኦክሳይዱ በማይፈርስበት ሙቀት ይቀልጣል፤ መርፌው በቅልጡ ውስጥ ቦታውን ይይዛል፤ ከዚያ ቅርጽ ማውጫው በግፊት እንዳለ ወደ 180 ዲግሪ ሴልሺየስ ይወጣል። ግፊቱ የግድ ነው። ፐርኦክሳይዱ ሲፈርስ አሴቶፌኖንና ኩሚል አልኮል ብቻ ሳይሆን ሜቴን ጋዝም ይወጣዋል፤ ግፊት ከሌለ ሜቴኑ በብሎኩ ውስጥ አረፋ ይሠራል።

ቀጥሎ የሚመጣው ማቀዝቀዝ ከዚህም የባሰ ነው። የቀለጠ ፖሊኢትሊን ጥግግቱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 0.78 ግራም ያህል ነው፤ ሲጠጥር 0.92 ይሆናል። 100 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ቅልጥ ሲቀዘቅዝ 85 ገደማ ብቻ ይሆናል። ብረቱ ግን እምብዛም አይኮማተርም። ውጩ ቀድሞ ጠጥሮ ውስጡ በኋላ ሲኮማተር ፖሊመሩ ከመርፌው ላይ ይላቀቃል። የሚላቀቀው ደግሞ በተለይ በጫፉ አጠገብ ነው፤ ብርሃኑን ልንፈልግበት ባሰብነው በዚያው ቦታ። ስለዚህ ግፊቱ ብሎኩ ሙሉ በሙሉ እስኪጠጥር ድረስ አይለቀቅም፤ ማቀዝቀዙም በቀስታ ነው። የጠጠረ ብሎክን አሙቆ መርፌውን በኋላ መውጋት ፈጣን መንገድ ነው፤ ነገር ግን መርፌው ሲገባ ፖሊመሩን እየጎተተ ስለሚሄድ ጫፉ ላይ ውጥረት፣ አንዳንዴም ስንጥቅ ይተዋል። ለብርሃን ሙከራ ባይመረጥ ይሻላል።

ከዚያ ብሎኩ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይታከማል፤ ውጥረቱ ይላላል፣ አሴቶፌኖኑና ጓደኞቹም ቀስ በቀስ ይወጣሉ። ስንት ሰዓት እንደታከመ መመዝገብ አለበት። ትኩስ ናሙናና ጋዙ የወጣለት ናሙና በብርሃንም በዛፍ አጀማመርም አይመሳሰሉም፤ ሁለቱን አንድ ላይ የደባለቀ ሰንጠረዥ ምንም አይነግርም።

ምርመራው በማይክሮስኮፕ ነው። ብሎኩ በሁለት የተሻገሩ ፖላራይዘሮች መሐል ሲታይ የተወጠረ ቦታ ያበራል፤ ያልተወጠረ ይጨልማል። በጫፉ ዙሪያ ሚዛኑን የጠበቀ ስስ ብርሃን ካለ ያልፋል። በአንድ ጎን ብቻ የሚያበራ፣ ወይም ጥቁር ጠርዝ ያለው ነጠብጣብ የሚያሳይ ብሎክ ይጣላል። የመርፌው ሬዲየስም ከመቀበሩ በፊት ብቻ ሳይሆን ከተቀበረ በኋላም ይለካል፤ ሹል ጫፍ በቅርጽ ማውጫው ውስጥ በቀላሉ ይታጠፋል።

የመስኩ ስሌት

በመርፌና በጠፍጣፋ መካከል በጫፉ ላይ ያለው የኤሌክትሪክ መስክ በሜሰን ቀመር ይሰላል፦ ቮልቴጁ በ2 ይባዛል፤ ውጤቱ ለሬዲየሱ ይካፈላል፤ ከዚያ ደግሞ 4 ጊዜ ርቀቱን ለሬዲየሱ አካፍሎ 1 በመደመር ለሚገኘው ቁጥር የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ይካፈላል። ለኛ ናሙና ሎጋሪዝሙ 7.38 ነው። ፒኩ (በዑደቱ ውስጥ ከፍተኛው ቮልቴጅ) 5 ኪሎቮልት ሲሆን በጫፉ ላይ ያለው መስክ በሚሊሜትር 271 ኪሎቮልት ይሆናል። አማካዩ መስክ ግን 5 ለ2፣ ማለትም በሚሊሜትር 2.5 ኪሎቮልት ብቻ ነው። ከመቶ እጥፍ በላይ ልዩነት።

ሬዲየሱ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ለማየት ሌላውን ሳይነኩ እሱን ብቻ መቀየር ይበቃል። 10 ማይክሮሜትር ቢሆን መስኩ ወደ 150 ይወርዳል። 3 ቢሆን ወደ 422 ይወጣል። ስለዚህ «5 ማይክሮሜትር» ተብሎ የተገዛ መርፌ በእውነት 3 ከሆነ፣ ብርሃን የሚጀምርበት ቮልቴጅ ከሌላው ናሙና ጋር ሳይገጥም ሲቀር የፖሊመሩ ጥፋት አይደለም።

ይህ መስክ በእውነተኛ ኬብል ውስጥ አለ ወይ? በኬብል ውስጥ መርፌ የለም፤ ነገር ግን በሴሚኮንዳክቲቭ (ጅረትን በከፊል በሚያሳልፈው) ንብርብሩ ላይ ወደ ኢንሱሌሽኑ የወጣ እሾህ ሊኖር ይችላል። ቁመቱ 100 ማይክሮሜትር፣ የጫፉ ሬዲየስ 5 የሆነ የግማሽ ኤሊፕሶይድ እሾህ እንውሰድ። መስኩን 15 እጥፍ ያህል ያጎላዋል። በዙሪያው ያለው መስክ በአር.ኤም.ኤስ (በተለዋዋጭ ጅረት ውጤታማ ዋጋ) በሚሊሜትር 6 ኪሎቮልት ቢሆን ፒኩ 8.5 ነው፤ በእሾሁ ጫፍ 130 ይደርሳል። በኛ ናሙና ይህን ለማግኘት የ2.4 ኪሎቮልት ፒክ ይበቃል። የመርፌው ሙከራ የተጋነነ ቢሆንም ከመሬት የራቀ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የሜሰን ቀመር የሚሠራው በፖሊመሩ ውስጥ ሙል ከሌለ ብቻ ነው። ሙል መግባት ከጀመረ ከጫፉ ፊት ተከማችቶ መስኩን ይቀንሰዋል። 271 የሚለው ቁጥር ሙል ሳይገባ በፊት የነበረውን ይናገራል፤ ብርሃን ከታየ በኋላ እውነተኛው መስክ ከዚያ ያነሰ ነው። በሪፖርቶች ላይ የሚጻፉት ግዙፍ የመስክ ቁጥሮች አብዛኛዎቹ ይህን ልብ አይሉም።

ብርሃኑን መያዝ

ብርሃኑ በዓይን አይታይም። ምን ያህል ደካማ እንደሆነ ስሌቱ ያሳያል። 25 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሌንስ ከጫፉ 100 ሚሊሜትር ርቆ ቢቀመጥ በሁሉም አቅጣጫ ከሚወጣው ብርሃን 0.4 በመቶ ያህል ብቻ ይይዛል። ብርሃኑ ከፖሊኢትሊን ሲወጣ ስለሚታጠፍ ይህም ከግማሽ በታች ይወርዳል። የፎቶመልቲፕላየሩ ካቶድ (ብርሃኑን የሚቀበለው ገጽ) ደግሞ በጥሩው የሞገድ ርዝመቱ ከአራት ፎቶን አንዱን ብቻ ይቆጥራል። በአጭሩ በሰከንድ 100 ቆጠራ ማለት ከጫፉ በሰከንድ ከ200,000 በላይ ፎቶን ይወጣል ማለት ነው።

ባይአልካሊ ካቶድ ያለው ፎቶመልቲፕላየር ከ300 እስከ 650 ናኖሜትር ድረስ ያያል። በክፍል ሙቀት በጨለማም ቢሆን በሰከንድ በመቶዎች ሊቆጥር ይችላል፤ ወደ −20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ወደ አሥሮች ይወርዳል። አልትራቫዮሌቱም ከተፈለገ ሌንሱና መስኮቱ ኳርትዝ መሆን አለባቸው፤ ተራ መስታወት አጭሩን የአልትራቫዮሌት ክፍል አያሳልፍም። «አልትራቫዮሌት አልተገኘም» ብሎ ከመጻፍ በፊት መስኮቱ ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ይገባል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብሎኩና ፎቶመልቲፕላየሩ ከሙከራው በፊት በጨለማ ብዙ ሰዓት ይቆያሉ፤ የክፍል ብርሃን የነካው ፕላስቲክ ለረጅም ጊዜ በደካማው ማብራቱን አያቆምም፣ ካቶዱም እንዲሁ። ከዚያ ቮልቴጅ ሳይሰጥ 100 ሰከንድ ይቆጠራል። ቀጥሎ ቮልቴጁ በ0.5 ኪሎቮልት ደረጃ ይጨምራል፤ በየደረጃው 5 ደቂቃ ይቆያል፤ በመጨረሻም ወደ ዜሮ ተመልሶ የጨለማው ቆጠራ እንደገና ይወሰዳል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው የጨለማ ቆጠራ ካልተቀራረቡ ሙከራው ይደገማል። ጀመረ ለማለት መስፈርቱ የስታትስቲክስ ነው፦ ጨለማው በሰከንድ 20 ከሆነ በ100 ሰከንድ 2,000 ይሆናል፤ የተፈጥሮ መዋዠቁ የዚህ ስኩዌር ሩት፣ ማለትም 45 ነው። ከሦስት እጥፉ፣ ከ134 በላይ ጭማሪ ካልታየ ብርሃን ተገኘ አይባልም።

ብሎኩ በአየር ውስጥ ከሆነ መርፌው ከብሎኩ በሚወጣበት ቦታ ኮሮና (በአየር ውስጥ የሚነሳ ዲስቻርጅ) ይነሳና ሁሉንም ነገር ያበላሻል። ስለዚህ ብሎኩ በደረቅ ሲሊኮን ዘይት ውስጥ ይጠመቃል፤ የመርፌው መውጫ በማያሳልፍ ጥቁር ሽፋን ከሌንሱ እይታ ይጋረዳል። ዘይቱ ራሱ አለማብራቱ በሌላ ሙከራ ይረጋገጣል፦ ያው ብሎክ፣ ያው ዘይት፣ ያው ቮልቴጅ፣ ግን ከሹል መርፌ ይልቅ ክብ ጫፍ ያለው ዘንግ። ያ ጨለማ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። በቀጭን የብረት ፊልም ኤሌክትሮድ የሚሠሩ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለባቸው፤ ከብረቱ ገጽ የሚወጣ ቀይ ብርሃን አለ፤ የፖሊመሩ መስሎ ብዙ ሰው አታልሏል።

የትኛው ተጠርጣሪ?

የአየር ኪስ ዲስቻርጅና የፖሊመሩ ብርሃን በአራት ነገር ይለያያሉ። ሁለቱ ብቻቸውን ይበቃሉ፤ ሌሎቹ ማጠናከሪያ ናቸው።

አንደኛው በጊዜ ውስጥ ያላቸው መልክ ነው። ዲስቻርጅ በናኖሰከንዶች ውስጥ ብዙ ፎቶን በአንድ ላይ ይወረውራል፤ በፎቶመልቲፕላየሩ መውጫ ላይ ከነጠላ ፎቶን እጅግ የሚበልጥ ግዙፍ ምት ሆኖ ይታያል። የፖሊመሩ ብርሃን ግን ፎቶን በፎቶን እየተንጠባጠበ ይመጣል፤ የምቶቹ ቁመት ስርጭት በጨለማ ከሚታየው የነጠላ ፎቶን ስርጭት አይለይም። ይህን ለማየት የሚያስፈልገው ኦሲሎስኮፕ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስፔክትረሙ ነው። በአየር ውስጥ የሚፈነዳ ዲስቻርጅ የናይትሮጅንን አሻራ ይተዋል፤ በ337፣ በ358 እና በ380 ናኖሜትር አካባቢ የተሳሉ ቀጫጭን ባንዶች። የፖሊኢትሊን ብርሃን መስመር የሌለው፣ ሰፊ፣ አብዛኛው በሚታየው ክፍል ውስጥ የተዘረጋ ነው፤ ጥቂቱ ወደ አልትራቫዮሌት ይደርሳል።

ሦስተኛው ግፊት ነው፤ ግፊት ሲቀየር በኪሱ ውስጥ ያለው ዲስቻርጅ የሚጀምርበት ቮልቴጅ በፓሸን ሕግ (የጋዝን መፈንጃ ቮልቴጅ ከግፊቱ ጋር በሚያያይዘው) መሠረት ይለወጣል፤ ያ ካልታየ የኪሱ ጥርጣሬ ይዳከማል። አራተኛው ራሱ የዲስቻርጅ መለኪያው ነው፤ ግን እሱን ማመን ያለብን ስሜቱ እስከሚፈቅደው ብቻ ነው። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን፣ በአይ.ኢ.ሲ 60270 ደንብ መሠረት የሚሠራ መለኪያ ባልተጋረደ ክፍል ውስጥ ጥቂት ፒኮኩሎም (እጅግ ትንሽ የሙል መለኪያ) ጫጫታ ካለው፣ «የለም» ማለቱ «ከጥቂት ፒኮኩሎም በላይ የለም» ማለት ነው። እነ ባምጂ የሠሩት መለኪያው ከ1 ፒኮኩሎም እጅግ በታች ባለው መጠን እንዲሰማ አድርገው ነው፤ ብርሃኑ እንዲያም ሆኖ ዲስቻርጅ አልነበረውም።

ስለዚህ ብርሃኑ የፖሊመሩ ነው። መለኪያው ታዲያ ለምን አልሰማም?

0.3 ፒኮኩሎም፣ ግን በቀስታ

የዚህ ጉዳይ እምብርት አንድ ትንሽ ስሌት ነው። በ5 ማይክሮሜትር ጫፍ ላይ ያለውን መስክ በሚሊሜትር 100 ኪሎቮልት ለመቀነስ ምን ያህል ሙል ከጫፉ ፊት መከማቸት አለበት? ፖሊኢትሊን ፐርሚቲቪቲው ከባዶ ቦታ 2.3 እጥፍ ነው። ጫፉን እንደ ግማሽ ሉል ብንወስደው መልሱ 0.32 ፒኮኩሎም ያህል ነው፤ ማለትም 2 ሚሊዮን ኤሌክትሮን። ይህ ሙል በአንድ ሩብ ዑደት፣ በ5 ሚሊሰከንድ ውስጥ ከገባ ጅረቱ 64 ፒኮአምፒር ነው።

የዲስቻርጅ መለኪያው ከአሥሮች ኪሎኸርዝ እስከ 1 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ውስጥ ያለውን ብቻ ይሰማል። ፈጣን ምት ለመያዝ የተሠራ ነው። በሚሊሰከንዶች የሚፈስ ሙል በ50 ኸርዝና በጥቂት ብዜቶቹ ላይ ስለሚወድቅ ማጣሪያው ሳያሳልፈው ይቀራል። ስሜቱ ከ0.1 ፒኮኩሎም በታች ቢሆንም እንኳ አይሰማም። መለኪያው አልተበላሸም፣ አልዋሸምም፤ ጥያቄው እሱ የሚመልሰው ዓይነት አይደለም።

ያ ሙል ወደ ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል? በአሉታዊው ግማሽ ዑደት መርፌው ኤሌክትሮን ወደ ፖሊመሩ ይሰጣል። ኤሌክትሮኖቹ ሩቅ አይሄዱም፤ በፖሊመሩ ውስጥ ባሉ ወጥመዶች ይያዛሉ። ወጥመዶቹ የሰንሰለቱ ቅርንጫፎች፣ የካርቦኒል ቡድኖች፣ የአንቲኦክሲዳንት ቅሪት፣ የማሳሰሪያው ተረፈ ምርቶች ናቸው። ግማሽ ዑደቱ ተገልብጦ መርፌው አዎንታዊ ሲሆን ሆል (ኤሌክትሮን የጎደለበት አዎንታዊ ቦታ) ወደ ውስጥ ይገባል። ሆሉ የተያዘውን ኤሌክትሮን ሲያገኝ ሁለቱ ተቀላቅለው ይጠፋሉ፤ የሚለቀቀው ኃይል ከጎን ያለውን ሞለኪውል ያነቃል፤ ሞለኪውሉ ሲረጋጋ ፎቶን ይሰጣል። ከዚያ ተራው ይገለበጣል፦ የተያዘው ሆል ነው፣ የሚመጣው ኤሌክትሮን።

ብርሃኑ በዑደቱ ውስጥ የሚገኝበት ቦታ ይህን ታሪክ ያረጋግጣል። ብርሃኑ ቮልቴጁ እየወጣ ባለበት ክፍል፣ በመጀመሪያውና በሦስተኛው ሩብ ዑደት ውስጥ ይታያል፤ ከፒኩ በኋላ ወዲያው ይከስማል። ምክንያቱ የተያዘው ሙል ነው። መርፌው ወደ ተቃራኒው ሲዞር ባለፈው ግማሽ ዑደት የተያዘው ሙል በጫፉ ላይ ያለውን መስክ ያግዘዋል፤ ስለዚህ ቮልቴጁ ገና ዝቅተኛ ሳለ መግባት ይጀምራል። ቮልቴጁ ከፒኩ መውረድ ሲጀምር ደግሞ አሁን የገባው አዲስ ሙል መስኩን ይጋፋል፤ መግባቱ ይቆማል። ቮልቴጁ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ዑደቱ መጀመሪያ እየተሳበ ይሄዳል። ፎቶኖቹን ከቮልቴጁ ፌዝ ጋር አያይዞ የማይመዘግብ ሙከራ ይህን ሁሉ ያጣዋል፤ አጠቃላይ ቆጠራ ብቻ መያዝ ጉዳዩን ግማሹን መጣል ነው።

ዲሲ ሲጫን፣ ዲሲ ሲነሳ

ለማረጋገጥ 50 ኸርዙ በዲሲ፣ ማለትም አቅጣጫው በማይቀያየር ቮልቴጅ፣ ይተካ። ቮልቴጁ ሲጫን አጭር ብርሃን ይታያል፤ ከዚያ ይጨልማል። መርፌው ሙሉ ሌሊት በቮልቴጅ ቢቆይ ጨለማ ነው። የሚቀላቀል ተቃራኒ ሙል የለማ፤ አንድ ዓይነት ሙል ብቻ ገብቶ ጫፉን ከቦ መስኩን አብርዶታል። ቮልቴጁ በድንገት ወደ መሬት ሲወርድ ግን ብርሃኑ እንደገና ብልጭ ይላል። መርፌው ዜሮ ላይ ነው፤ በዙሪያው የተከማቸው ሙል ግን የራሱን መስክ ይዞ አለ፣ ያም መስክ ከመርፌው ተቃራኒውን ይስባል። ወደ መሬት ከማውረድ ይልቅ ፖላሪቲው ቢገለበጥ ብልጭታው ይብሳል።

ዲሲ ኬብል ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ብልጭታ ማስጠንቀቂያ ነው። በፖሊኢትሊን ውስጥ በአማካይ መስክ በሚሊሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎቮልት ሲደርስ የሙል ክምችት መታየት ይጀምራል። በ0.1 ሚሊሜትር ንብርብር ውስጥ በኪዩቢክ ሜትር 1 ኩሎም ሙል ብቻ ቢከማች መስኩን በሚሊሜትር 5 ኪሎቮልት ያህል ይለውጣል። ስለዚህ ቮልቴጅን ገልብጦ የኃይልን አቅጣጫ በሚቀይር ጣቢያ ላይ ፖሊመር ኬብል ለረጅም ጊዜ አልደፈረም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተሠራው የስዊድኑ ጎትላንድ መስመር ዘይት በነከረው ወረቀት ነበር የተሸፈነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 በዚያው ጎትላንድ ላይ የተዘረጋው ባለ 80 ኪሎቮልቱ ፖሊመር ኬብል ግን ፖላሪቲ የማይገለብጥ፣ ጅረቱን ብቻ የሚቀይር ኮንቨርተር አብሮት መጣ። መገለባበጥን የሚችል ዲሲ ኤክስኤልፒኢ በ250 ኪሎቮልት በጃፓን የሆካይዶና የሆንሹ መስመር ላይ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው።

ብርሃኑ ምስክር ነው ወይስ ተከሳሽ?

ኦታዋ ላይ የቀረበው ሐሳብ ብርሃኑን ራሱን ከሳሹ ፊት ያቆማል፦ የአልትራቫዮሌቱ ክፍል የፖሊኢትሊንን ሰንሰለት ይበጥሳል፤ ነጻ ራዲካል ይፈጠራል፤ ኦክስጅን ካለ ኦክሳይድ ይሆናል፤ ጫፉ ላይ ያለው ፖሊመር እየተንኮታኮተ ዛፉ ሥር ይሰዳል። የኃይሉ ሂሳብ ይህን ይፈቅዳል። የካርቦን ለካርቦን ትስስር 3.6 ኤሌክትሮንቮልት ያህል ይፈልጋል፤ ያ 344 ናኖሜትር ፎቶን ነው። የካርቦን ለሃይድሮጅን ትስስር 4.3 ይፈልጋል፤ ያ 288 ናኖሜትር ነው። ከዚህ የሚረዝም ሞገድ ትስስሩን በቀጥታ አይበጥስም።

ችግሩ አብዛኛው ብርሃን በሚታየው ክፍል መሆኑ ነው፤ 600 ናኖሜትር ፎቶን የሚይዘው 2.1 ኤሌክትሮንቮልት ብቻ ነው። በሌላ በኩል ሙሎቹ ሲቀላቀሉ ከሚለቀቀው ኃይል ብርሃን የሚሆነው እጅግ ጥቂቱ ነው፤ የቀረው ሳያበራ በቀጥታ ወደ ሞለኪውሉ ይገባል። በመስኩ የተፋጠነ ኤሌክትሮንም ትስስር ሊበጥስ ይችላል። ሚዛኑን የሚደፋው ይህ ይመስላል፦ ብርሃኑ ከጥፋቱ አንዱን ክፍል ቢሠራም ዋናው ሥራው ምስክርነት ነው፤ ሙል እየገባና እየወጣ መሆኑን ይናገራል፣ የሚጎዳውም ያ መግባትና መውጣት ነው። የኦክስጅኑ ሚና ግን ብዙም አያከራክርም። ሺሚዙ እንዳሳየው በፖሊመሩ ውስጥ የሟሟው አየር በቫኪዩም ወጥቶ በናይትሮጅን ሲተካ ዛፉ ለመጀመር ብዙ ጊዜ ይወስድበታል። ያው መርፌ፣ ያው ቮልቴጅ፣ ልዩነቱ ጋዙ ብቻ። ሙከራው በቤንዚል ወይም በአሴቶፌኖን ዘመዶች፣ ማለትም ኃይለኛ ኤሌክትሮንን በሚያበርዱ አሮማቲክ ተጨማሪዎች ቢደገምም ዛፉ የሚጀምርበት ቮልቴጅ ከፍ ይላል።

በሥራ ላይ ከዚህ የሚወሰደው ብርሃን የሚጀምርበት ቮልቴጅ ራሱ ነው። ከሱ በታች የቆየ ናሙና ሙል እየተቀበለ ስላልሆነ ዛፍ የሚያበቅልበት ምክንያት አይታይም፤ ከሱ በላይ ያለው ግን የዲስቻርጅ መለኪያው ዝም ቢልም ሰዓቱ እየቆጠረ ነው። ሁለት የኤክስኤልፒኢ ዓይነቶችን ወይም ሁለት የሴሚኮንዳክቲቭ ንብርብሮችን ለማወዳደር ዛፍ እስኪበቅል ሳምንታት ከመጠበቅ በአንድ ቀን ብርሃኑ የሚጀምርበትን ቮልቴጅ ማግኘት ይቻላል፤ ናሙናውም አይሞትም። ሬዲየሱ እኩል ካልሆነ ግን ማወዳደሩ ይቅር፤ ከላይ እንደታየው የ2 ማይክሮሜትር ልዩነት ከማንኛውም የቁሱ ልዩነት ሊበልጥ ይችላል።

ናሙናው ዛፍ እስኪያበቅል ከተተወ ለውጡ ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ቦይ ከተከፈተ በኋላ ውስጡ ጋዝ ነው፤ ጋዙ ይፈነዳል፤ ነጠላ ፎቶን በመቁጠር የቆየው ፎቶመልቲፕላየር በምት ይጥለቀለቃል፤ በዲስቻርጅ መለኪያው ስክሪን ላይም በሁለቱ ግማሽ ዑደቶች ላይ ምቶች ይቆማሉ። ካቶዱ እንዳይጎዳ በፎቶመልቲፕላየሩ ፊት ያለው መዝጊያ ከተወሰነ ቆጠራ በላይ ራሱ እንዲዘጋ ይደረጋል። ቮልቴጁ ወዲያው ይነሳል፤ አለበለዚያ ዛፉ ጠፍጣፋው ኤሌክትሮድ ጋ ደርሶ ናሙናው ይቃጠላልና የተጀመረበት ቦታ አይታወቅም። ብሎኩ በመርፌው ዘንግ አቅጣጫ በስሱ ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ቦዩ ከጫፉ ትክክለኛ ነጥብ ተነስቶ ከሆነና በዙሪያው ፖሊመሩ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ካለ፣ እስከዚያ የተቆጠረው ብርሃን የፖሊመሩ ነበር። ቦዩ ከጫፉ ጎን ካለ ባዶ ኪስ ከተነሳ ግን የዚያ ናሙና ቆጠራ በሙሉ ከሰንጠረዡ ይወጣል፤ ሥራውም ወደ ቅርጽ ማውጫው፣ ወደ ማቀዝቀዙ ይመለሳል።